እርድ እና ኩርኩሚን፦ ከአልጫ ወጥ እስከ እንክብል

እርድን አብዛኞቻችን የምናውቀው በአልጫ ነው። ተክሉ የዝንጅብል ዘመድ ነው። ጥቅም ላይ የሚውለው ከመሬት በታች የሚያድገው ግንዱ ነው፤ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ይቀቀላል፣ ከደረቀ በኋላ ይፈጫል። አገራችን ውስጥ እንደ ቴፒ ባሉ የደቡብ ምዕራብ ሞቃትና እርጥብ አካባቢዎች ይመረታል። በዓለም ግን ህንድን የሚያህል አምራች የለም።

በህንድ ባህላዊ ሕክምና እርድ የቆየ መድኃኒት ነው። ቁስል ላይ ይደረጋል፣ ለጉንፋን በትኩስ ወተት ይጠጣል። በፈረንጆቹ 1995 የአሜሪካ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ቢሮ በእርድ ቁስል ማዳንን እንደ አዲስ ግኝት ቆጥሮ በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ስም ፓተንት ሰጠ። ህንዶች ተቆጡ፤ ሴት አያቶቻቸው ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነዋ! የህንድ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት የጥንት የሳንስክሪት ጽሑፍ ሳይቀር አቅርቦ ተከራከረ። በ1997 ፓተንቱ ተሻረ።

ቢጫውን ቀለም የሚሰጠው ኩርኩሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። መጀመሪያ ተለይቶ የወጣው በ1815 ሲሆን፣ ኬሚካላዊ አወቃቀሩ የታወቀው ግን በ1910 ነው። ዛሬ ስለ እርድ መድኃኒትነት የሚወራው በአብዛኛው ስለ እሱ ነው። በላብራቶሪ ውስጥ ብግነትን የሚያባብሱ ሂደቶችን ሲገታ፣ የካንሰር ሴሎችንም ሲያዳክም ታይቷል። ወሬው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ችግሩ ከላብራቶሪ ወደ ሰው ሲመጣ ነው። አንደኛ፣ መጠኑ ትንሽ ነው። በደረቅ የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ 3 ገደማ ነው። 3 ግራም የሚመዝን አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 90 ሚሊግራም ያህል ቢኖረው ነው፤ እሱም ለቤተሰብ በሚሠራ ድስት ሙሉ ወጥ ውስጥ ይበተናል። ጥናቶች ላይ ለአንድ ሰው በቀን የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም ይበልጣል። ሁለተኛ፣ የተበላውም ቢሆን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ጉበትና አንጀት ቶሎ ይለውጡትና ይወገዳል።

ቁንዶ በርበሬ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በ1998 የታተመ የህንድ ተመራማሪዎች ጥናት 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፒፐሪን ጋር ሲወሰድ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን በ20 እጥፍ እንደጨመረ አሳይቷል። ፒፐሪን ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር ነው። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ ግን ከምንም ተነስቶ 20 እጥፍ መሆኑ አይዘንጋ።

ታዲያ ምንም አይሠራም ማለት ነው? እንደዚያም አይደለም። ለጉልበት አንጓ ሕመም የተደረጉ አነስተኛ ጥናቶች ሕመሙን ቀለል እንደሚያደርግ ይጠቁማሉ። በ2023 ይፋ በሆነ የታይላንድ ጥናት፣ ግልጽ ምክንያት ያልተገኘለት የምግብ አለመፈጨት ያለባቸው ሰዎች በኩርኩሚንም፣ የጨጓራ አሲድን በሚቀንሰው ኦሜፕራዞል በተባለው መድኃኒትም ተቀራራቢ መሻሻል አሳይተዋል። እኔ ከሁሉም ሚዛን የሚደፋብኝ ይህ ነው። ለካንሰር ግን በእርድ ዳኑ የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። በ2017 የወጣ የኬሚስቶች ግምገማም ኩርኩሚን ያልተረጋጋ፣ የላብራቶሪ ምርመራን የሚያሳስት ንጥረ ነገር ነው ብሎ ጠበቅ አድርጎ ተችቷል።

ወጥ ውስጥ የሚገባው እርድ ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። በማሟያነት የሚሸጠው እንክብል ግን ሌላ ነገር ነው። በጣሊያንና በአሜሪካ የእርድ ማሟያ የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ከፒፐሪን ጋር የተቀላቀለው በተለይ ያጠራጥራል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የሐሞት ጠጠር ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሐኪም ሳያማክሩ ባይሞክሩት ይሻላል።

ዱቄቱን ሲገዙም ጠንቀቅ ማለት ነው። በባንግላዴሽ ነጋዴዎች የገረጣ እርድ እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል፣ እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት መርዛማ ቀለም ይቀላቅሉ ነበር። ጉዳዩ በ2019 ሲጋለጥ መንግሥት ገበያ ወርዶ ፈተሸ፣ ቀጣም፤ በ2021 በተደረገ ምርመራ በገበያው ላይ የተበከለ እርድ አልተገኘም። ያልተፈጨውን ገዝቶ ቤት ማስፈጨትም ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ እዚያ ቀለሙ የሚቀባው ያልተፈጨው እርድ ላይም ነበርና።