ሳይንሳዊ አጻጻፍና አርቢ፦ ተማሪ የሚስትበት ቦታ

2³ ማለት 2 ራሱን 3 ጊዜ ሲባዛ ነው፦ 2 × 2 × 2 = 8። ብዙዎች 2ን በ3 አባዝተው 6 ይጽፋሉ። ከላይ ያለችው ትንሿ ቁጥር አርቢ ናት፤ ሥራዋ መሠረቱ (እዚህ 2) ስንት ጊዜ እንደሚጻፍ መናገር ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሜትር 130,000። ሳይንሳዊ አጻጻፍ ማለት ቁጥሩን የአንድ ትንሽ ቁጥርና አርቢ ያለው 10 ብዜት አድርጎ መጻፍ ነው፦ ከመጨረሻው ዜሮ ኋላ ያለውን የአስርዮሽ ነጥብ ወደ ግራ 5 ቦታ ብንወስደው 1.3 × 10⁵ ይሆናል። የፊተኛው ቁጥር 1 ወይም ከዚያ በላይ፣ ግን ከ10 በታች መሆን አለበት። ስለዚህ 13 × 10⁴ ዋጋው ትክክል ቢሆንም ሳይንሳዊ አጻጻፍ አይባልም።

ውፍረቱ 0.00003 ሜትር የሆነ የመንዝ በግ ፀጉር ብንወስድ፣ ነጥቡ ወደ ቀኝ 5 ቦታ ይሄዳል፦ 3 × 10⁻⁵። አሉታዊ አርቢ ቁጥሩን ከዜሮ በታች አያደርገውም፤ 10⁻⁵ ማለት 1 ሲካፈል ለ100,000 ነው። 10⁰ ደግሞ 1 እንጂ 0 አይደለም።

ስናባዛ አርቢዎቹን እንደምራለን፦ 10² × 10³ = 10⁵። ጣጣው ይህን ሕግ ወደ መደመር መውሰድ ነው። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም 6 × 10⁴ ሜትር ነው። በ1.3 × 10⁵ ላይ ሲደመር 7.3 × 10⁹ የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ እንዲያ ከሆነ ደብረ ሲና ከጨረቃም በብዙ እጥፍ ርቃለች! መጀመሪያ አርቢዎቹን እኩል አድርጉ፦ 1.3 × 10⁵ + 0.6 × 10⁵ = 1.9 × 10⁵ ሜትር፣ ማለትም 190 ኪሎ ሜትር።