ሉፕ ማለት መደራረብ አይደለም

ሉፐር ፔዳል (የተጫወቱትን ቀድቶ ደጋግሞ የሚያዞር የእግር መሣሪያ፤ የሚዞረው ድምፅ ሉፕ ይባላል) የገዛ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው። «ስድስት ድምፅ ደረብኩ።» «ዛሬ ስምንት ደረስኩ።» እንደ ፎቅ ይቆጥሩታል። ሙዚቃ ሳስተምር ይህን ያህል ደጋግሜ የሰማሁት አባባል የለም፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ስለዚህ የተለመዱትን ስህተቶች እያነሳሁ፣ ጆሮን የሚያቀኑ ቅጂዎችን ልጠቁማችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ላይቭ ሉፒንግ (እዚያው እየተጫወቱ ድምፅን ቀድቶ ማዞር) ከፔዳል ጋር የመጣ ነው።» አይደለም። ዘፋኟ ኬቲ ተንስታል በ2004 ብቻዋን ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ፣ ጊታሯንና ድምጿን እዚያው እየቀዳች ስትጫወት ብዙ ሰው ነገሩን አወቀው። ዝናው ይገባታል። ነገር ግን አቀናባሪው ቴሪ ራይሊ በ1963 ፓሪስ ውስጥ የጃዝ ተጫዋቹን የቼት ቤከርን ትራምፔት በሁለት ቴፕ ሪከርደር እያዞረ ሠርቶበታል። በ1969 በወጣው «ኤ ሬይንቦ ኢን ከርቭድ ኤር» አልበም ሁለተኛ የሸክላ ገጽ ላይ ደግሞ ራሱ ሳክስፎን ይዞ በዚያው ዘዴ ይጫወታል። ከዚያ ጀምሩ።

«የሚደጋገም ድምፅ ሁሉ ላይቭ ሉፒንግ ነው።» የአቀናባሪው ስቲቭ ራይክ «ኢትስ ጎና ሬይን» (1965) በቴፕ ሉፕ የተሠራ ግሩም ሥራ ነው። ግን መነሻው ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ እንጂ መድረክ ላይ የሚጫወት እጅ አይደለም። ስሙት፤ ብቻ አታምታቱት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ጥሩ ሉፕ ማለት ብዙ የተደረበበት ሉፕ ነው።»

ጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕና ሙዚቀኛው ብራያን ኢኖ በ1973 ያወጡትን «ኖ ፑሲፉቲንግ» ስሙ። የመጀመሪያው ገጽ በሙሉ አንድ ሥራ ነው፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ሁለት ቴፕ ሪከርደሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የፍሪፕን ጊታር ድምፅ ይቀዳል። ቴፑ ተጉዞ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ፣ ያ ድምፅ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ይሰማል፤ ተመልሶም ወደ መጀመሪያው ይገባና እንደገና ይቀዳል። በማሽኖቹ መካከል ያለው ርቀት የሉፑን ርዝመት ይወስናል።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ድምፁ በዞረ ቁጥር ይደክማል። ጥራቱ ይቀንሳል፣ ጫፉ ይለዝባል፣ ቀስ እያለ ይጠፋል። አዲሱ ኖታ ቦታ የሚያገኘው አሮጌው ስለለቀቀለት ነው። ያ ሙዚቃ ሃያ ደቂቃ ሙሉ የሚተነፍሰው በመደራረብ ሳይሆን በመርሳት ነው። ዛሬ የምንገዛው ፔዳል ግን ከፋብሪካ ሲወጣ በአብዛኛው ምንም እንዳይረሳ ሆኖ ነው። የጫንክበትን ሁሉ እንደተሸከመ ይዞራል።

አንድ ቫዮሊን የሚጫወት ተማሪ ነበረኝ። ጎበዝ ልጅ ነው። አንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ደርቦ በኩራት አሰማኝ። «የመጀመሪያውን ዜማ አዚምልኝ» አልኩት። ዝም አለ። ሉፑ እየዞረ ነው፣ ዜማው እዚያው ውስጥ አለ፣ እሱ ግን ሊሰማው አልቻለም። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ብቻ እንዲደርብ፣ አራተኛውን ሲያስገባ የመጀመሪያው እንዲደክም አደረግን። ሰው ቆሞ የሚያዳምጠው ሙዚቃ ያን ቀን ወጣው።

እናንተም ሞክሩት። ያንን የ1973 ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ ክፈቱ። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ረጅም ኖታ ምረጡና ስንት ዙር እንደቆየ ቁጠሩ። መቼ መሪ ዜማ መሆኑ ቀርቶ ጀርባ ላይ እንደ ጭጋግ እንደሆነ ልብ በሉ። ከዚያ ፔዳላችሁ ፊድባክ ወይም ዲኬይ የሚል፣ አሮጌው ድምፅ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስን ማስተካከያ ካለው ትንሽ ቀንሱትና ሳታቆሙ አሥር ደቂቃ ተጫወቱ። ማስተካከያው ከሌለው አንድ ተራ ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚመልስ መሣሪያ) ረዘም አድርጋችሁ ተጠቀሙ። መጀመሪያ ላይ ባዶነቱ ያስፈራል። እጃችሁ ቶሎ ለመሙላት ይቸኩላል። አትፍቀዱለት። አንድ ኖታ ተጫውታችሁ ሁለት ዙር ጠብቁ። ስታቆሙም ድንገት አትዝጉት፤ እስኪያልቅ ስሙት።

«ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል።» የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጃኮ ፓስቶሪየስ ዌዘር ሪፖርት በተባለው ባንድ «8:30» (1979) አልበም ላይ «ስላንግ» የሚለውን ብቻውን ሲጫወት የተጠቀመው ዲሌይ ነው። አንድ አጭር የቤዝ ሐረግ ያዘ፣ ላዩ ላይ ሶሎ ተጫወተ፤ በቃ።

«የጊታር ሰዎች ነገር ነው።» የዞይ ኪቲንግን «ኢንቱ ዘ ትሪስ» (2010) ስሙ፤ ቼሎ ነው። መድረክ ላይ ስትሆን ኮምፒውተሯን በእግሯ እያዘዘች ነው የምትጫወተው።

«ብዙ ካልነኩት ይሰለቻል።» የኢኖ «ዲስክሪት ሚውዚክ» (1975) ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፤ መነሻው ሁለት ቀላል ዜማዎች ብቻ ናቸው። የአልበሙ ጀርባ ላይ መሣሪያዎቹ እንዴት እንደተያያዙ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ከመስማታችሁ በፊት እሱን በደንብ እዩት፤ ድምፁ የት ገብቶ በየት እንደሚመለስ በጣታችሁ ተከተሉ።