«ካላመመ ምኑን ታሸሁት?» ስለ ማሳጅና ስፓ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ቤት ማሳጅ እሠራለሁ። ዓመታት ተቆጥረዋል። ሙሽራ ትመጣለች፣ የባንክ ሠራተኛ ይመጣል፣ የባጃጅ ሹፌር ይመጣል። ብዙዎቹ በር ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር አንብበው ግራ ይገባቸዋል። ስዊድሽ፣ ዲፕ ቲሹ፣ ስቲም፣ ሞሮኮ ባዝ። ከዚያ ጓደኛቸው የነገራቸውን መርጠው ይከፍላሉ። ቃሉን አለማወቅ አንዳንዴ ገንዘብ ብቻ ያስወጣል፤ አንዳንዴ ግን ጤናም ያሳጣል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ካላመመ ምኑን ታሸሁት?»

አንዲት እናት ናቸው እንዲህ ያሉኝ። «ልጄ፣ ጠንከር አርጊው እንጂ! ካላመመኝ ምኑን ታሸሁት?» አልፈርድባቸውም። ያደጉት ወለም ሲላቸው ወገሻ ዘንድ እየሄዱ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው። ግን ጡንቻ ሲያመው ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል። እኔ ላፍታታው ስታገል እሱ ይጠነክራል። ዲፕ ቲሹ ማለትም በጉልበት መደቆስ አይደለም። ቀስ ብሎ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ ከላይኛው ጡንቻ ሥር ወዳለው መድረስ ነው። «ደስ የሚል ሕመም» የምንለው ዓይነት ስሜት ችግር የለውም። ትንፋሻችሁን ከያዛችሁ ግን በዝቷል። በማግስቱ የበለዘ ጀርባም የጥሩ ሥራ ምልክት አይደለም።

ስዊድሽ የሚባለው ለስለስ ያለው ነው። ስሙ ከስዊድናዊው የጂምናስቲክ አስተማሪ ፔር ሄንሪክ ሊንግ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ዛሬ የምንጠቀምባቸውን የአስተሻሸት ዓይነቶች በየስማቸው ያደራጀው ግን የኔዘርላንዱ ሐኪም ዮሐን ጌኦርግ ሜዝገር ነው። ስዊድኖች ራሳቸው «ክላሲክ ማሳጅ» ነው የሚሉት።

«መርዙን ያወጣልኛል»

ይሄን የምንለው እኛው ባለሙያዎቹ ጭምር ነን፤ ብናቆም ደስ ይለኛል። ከሰውነት ቆሻሻ የሚያስወግዱት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ላብ አብዛኛው ውሃና ጨው ነው። ከስፖርት በኋላ ስለሚኖር ሕመምም «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው» ይባላል። ላክቲክ አሲድ ስፖርቱ ባለቀ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከጡንቻ ይጸዳል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተን ጡንቻው በጥቂቱ ስለተጎዳና ራሱን እየጠገነ ስለሆነ ነው። ማሳጅ ያን ሕመም ያቀልላል፣ ያዝናናል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። ይሄ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። የሌለውን ለምን እንጨምርበታለን?

«ስቲም፣ ሳውና፣ ሞሮኮ ባዝ ያው ናቸው»

አይደሉም። ሳውና የፊንላንዶች ነው። ሙቀቱ ደረቅ ሲሆን ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ስቲም ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ግን ክፍሉ በእንፋሎት የተሞላ ስለሆነ ላቡ ከገላ ላይ አይተንም፣ ሙቀቱም ይከብዳል። ከሁለቱም ስትወጡ ሚዛን ላይ ብትቆሙ ቀንሳችሁ ታገኙታላችሁ። የቀነሰው ውሃ ነው። አንድ ሁለት ብርጭቆ ስትጠጡ ይመለሳል። ስብ በላብ አይወጣም።

ሞሮኮ ባዝ ደግሞ የሰሜን አፍሪካ ሐማም ነው። በእንፋሎት ገላን ማላላት፣ ከወይራ ዘይት የሚሠራውን ጥቁር ሳሙና መቀባት፣ ከዚያ በሻካራ ጓንት መፈተግ። ያ እየተጠቀለለ የሚወጣው ጥቁር ነገር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። «ይሄን ያህል ቆሽሼ ነበር?» ይሉኛል በኀፍረት። የሞተ ቆዳ ከሳሙና ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ከማንም ገላ ይወጣል፤ አትፈሩ። ሙሽሮች ደግሞ «ያቀላኛል አይደል?» ብለው ይጠይቁኛል። አያቀላም። ያለሰልሳል፣ ያበራል፣ የቆዳን ቀለም ግን አይቀይርም። ከመጠን በላይ መፈተግ ቆዳን ያስቆጣል። ቁስል ወይም ሽፍታ ካለ መቆየት ይሻላል።

«ስፓ የውጭ ነገር ነው»

ቃሉ አዎ። ስፓ በማዕድን ውሃዋ የታወቀች የቤልጅየም ከተማ ናት። ነገሩ ግን የኛም ነው። ደራ ወረዳ ወደሚገኘው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሰው ድሮም ይሄዳል። ወይባ ጭስ መሞቅም ያው ገላን በሙቀት መንከባከብ ነው። አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በከሰል የሚጤስ ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያጠራቅማል። ሽታ የለውም፤ ይገድላል። መስኮት ይከፈት። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ጭሱም፣ ሳውናውም፣ ስቲሙም ይቅርባችሁ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት።

ስለ ነፍሰ ጡር ካነሳሁ፣ «ልጁ ዞሯል፣ ሆድሽን ልሽልሽ» የሚሉ ሴቶች ዛሬም አሉ። ክፉ አስበው አይደለም። ግን ሆድን በኃይል ማሸት የእንግዴ ልጁን ከማሕፀን ግድግዳ ሊያላቅቀው ይችላል። ያኔ እናትም ልጅም በደቂቃዎች ውስጥ አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ጽንሱ አቀማመጡ ካላማረ የሚያየው ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ ነው። እኔ የነፍሰ ጡር ሆድ አልነካም። ትከሻና ወገብ፣ በጎን አስተኝቼ፣ ለስለስ አድርጌ፣ እሱም ሐኪሟ ከፈቀደ።

«ወገሻ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ማሳጅ፣ ሁሉም ማሸት ነው»

እዚህ ላይ ልቆይ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቁርጭምጭሚቱ አብጦ፣ እያነከሰ መጣ። «ወለም ብሎኝ ነው፣ እሺኝ» አለ። እግሩን መሬት ላይ ማስረገጥ አልቻለም። አላሸሁትም። «መጀመሪያ ራጅ ተነሳ» አልኩት። ተቆጥቶ ሄደ። ለካ አጥንቱ ተሰብሮ ነበር።

ወገሻ ለዘመናት ያገለገለ ሙያ ነው፤ አልንቀውም። ግን የተሰበረን አጥንት በእጅ ዳሰሳ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ስብራት ላይ በጣም የጠበቀ እስር ደግሞ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል፤ ሥጋው ይሞታል። በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ልጆች በየሆስፒታሉ አሉ። ከታሰረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ እስሩ ይፈታ፣ ወዲያው ሆስፒታል ይኬድ። ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ናቸው።

ፊዚዮቴራፒስት በዩኒቨርሲቲ የሰለጠነ የጤና ባለሙያ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምራል። ሥራው መርምሮ፣ እንቅስቃሴ አለማምዶ፣ ከስትሮክ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሰውን መልሶ ማቆም ነው። እኔ ይሄን አልሠራም።

ሌላም አለ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ መምጣት ነው። ከእንዲህ ያለ ጉዞ በኋላ አንድ ባታችሁ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ፣ እንዳታሳሹት! ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ሲታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ሐኪም ይየው።

«ዋግምት መጥፎ ደም ያወጣል»

መጥፎ ደም የሚባል ተለይቶ የተቀመጠ ነገር የለም። ዋንጫው ወይም ቀንዱ ቆዳውን ስቦ የሚተወው ክብ ምልክት ቆዳ ሥር ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ፈንድተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ትከሻው ላይ ያ ምልክት ታይቶበት ዓለም ተነጋግሮበታል። ደም ሳይፈስ የሚደረገው ለብዙው ሰው ያን ያህል አያሰጋም። በምላጭ እየተበጣ ደም የሚወጣበት ግን ሌላ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ምላጩ ከፊታችሁ ካልተፈታ፣ ዋንጫው ወይም ቀንዱ ካልተቀቀለ፣ ተነሥታችሁ ውጡ።

«ተጓዳኝ» እና «አማራጭ» አንድ አይደሉም

ተጓዳኝ ማለት ከሐኪሙ ሕክምና ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። አማራጭ ማለት ሕክምናውን ትቶ በምትኩ የሚያዝ ነው። ልዩነቱን በደንብ የሚያሳየኝ ጠበል ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልም የኤች አይ ቪ መድኃኒትም አብሮ መወሰድ እንደሚችል በይፋ ተናግረዋል። እምነቱን ማንም አልነካም። ክኒኑም አልቀረም።

ማሳጅም እንዲሁ ነው። አንድ ደንበኛዬ ጋሼ የደም ግፊት አለባቸው። ታሽተው ሲነሡ ልኬቱ ወረድ ብሎ ያገኙታል። በዚህ ተደስተው መድኃኒቱን አቋርጠው ነበር። የወረደው ለጊዜው እንደሆነ አስረዳኋቸው፤ ሐኪማቸው ዘንድ ተመልሰው ጀመሩት። ዛሬም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ይመጣሉ። «ጋሼ፣ ክኒኑ ተውጧል?» እላቸዋለሁ። «ተውጧል ልጄ» ይላሉ። ከዚያ አልጋው ላይ ይወጣሉ።