ዳቦ በቢትኮይን? ሱቅ ደጃፍ የሰማኋቸው ስህተቶች

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ሥር አንዲት ሱቅ አለች። ማታ ዳቦ ልገዛ ስወርድ የሰፈሩ ልጆች ደጃፏ ላይ ቆመው ስለ ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ስላለ ዲጂታል ገንዘብ) ይከራከራሉ። «በቅርቡ ዳቦም በቢትኮይን ነው የምንገዛው» ይላሉ። ባለሱቁ ይስቃል። እኔም ጣልቃ መግባት አላቆምኩም።

«እንደ ቴሌብር ወዲያው ይደርሳል»

አይደርስም። የቢትኮይን ክፍያ የሚረጋገጠው ብሎክ በሚባል የክፍያዎች ጥቅል ውስጥ ገብቶ ሲመዘገብ ነው (የኮንዶሚኒየሙን ብሎክ ማለቴ አይደለም)። አንዱ ብሎክ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ጠንቃቃ ተቀባይ ደግሞ 6 ብሎክ ይጠብቃል፤ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ዳቦው ይደርቃል። መላው ዓለም የሚጋራው መረብ በሰከንድ የሚያስተናግደው 7 ገደማ ክፍያ ብቻ ነው። ላይትኒንግ የሚባል ፈጣን መንገድ አለ፤ እሱ ግን በአብዛኛው ኢንተርኔት ይፈልጋል። ቴሌብር በ*127# በቁልፍ ስልክም ይሠራል። የባለሱቁ ስልክ ደግሞ ባለ ቁልፍ ነው።

«ባንክ ስለሌለ ኮሚሽን የለም»

ባንክ ባይኖርም ማይነር (ክፍያዎቹን በኮምፒውተር መዝገቡ ላይ የሚያሰፍር) አለ፣ እሱም ይከፈለዋል። ክፍያው የሚወሰነው በምትልከው ብር መጠን ሳይሆን በወረፋው ርዝመት ነው። ወረፋ በሌለ ቀን ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ግን አማካዩ ከ50 ዶላር በላይ የሆነበት ቀን ነበር። ስቲም የተባለው የጌም መሸጫ ቢትኮይን መቀበል ያቆመው ያኔ ነው። የ10 ብር ዳቦ ለመግዛት ማን ይህን ይከፍላል?

«ብር እየወደቀ ነው፤ ቢትኮይን ይሻላል»

ብር መውደቁን ማን ይክዳል? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት እጥፍ ሆነ። እኔንም አሞኛል።

ቢትኮይን ደግሞ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ወደ 69 ሺህ ዶላር ደርሶ፣ በዓመቱ 16 ሺህ አካባቢ ተገኘ። «ከዚያ በላይ ወጣ እኮ!» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ለዕለት ገንዘብ ግን መውጣቱም ጣጣ ነው።

የባለሱቁን የዱቤ ደብተር አስቡት። ዛሬ በቢትኮይን የተጻፈ የዘይት ዕዳ ደመወዝ እስኪወጣ በግማሽ ቢጨምር እኔ ጉድ ፈላብኝ። ቢቀንስ የሚከስረው እሱ ነው። ታዲያ ማን ያበድራል፣ ማንስ ይበደራል? ዕቁቡም ያው ነው። ብር ሲወርድ መጨረሻ የሚደርሰው እንደሚጎዳ አውቃለሁ። በቢትኮይን ሲሆን ግን ዕጣው ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ አንዱ የተራ፣ ሌላው የዋጋ።

«ብሳሳት አስመልሳለሁ»

ከማን? የሚደወልለት የለም። ከተረጋገጠ በኋላ የሚመለሰው ተቀባዩ ከፈለገ ብቻ ነው። ዋሌትህን (የቢትኮይን ቦርሳህን) የምትከፍትባቸውን 12 ወይም 24 የይለፍ ቃላት የጻፍክበት ወረቀት ከጠፋም ከስልክህ ጋር ገንዘቡ ሊሄድ ይችላል።

«ማንም አያየኝም»

መዝገቡ ለዓለም ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቢትፊኔክስ ከተባለ የክሪፕቶ መገበያያ ከተሰረቀው ውስጥ 94 ሺህ ገደማ ቢትኮይን የአሜሪካ መንግሥት በ2022 ተከታትሎ ይዞታል።

«ማይኒንግ ከተፈቀደ መገበያየትም ተፈቅዷል»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ለማይነሮች ኤሌክትሪክ መሸጥና በክሪፕቶ መገበያየት ይለያያሉ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን አስታውሶ፣ በክሪፕቶ ለሚደረግ ክፍያ ፈቃድ እንዳልሰጠ ተናግሯል።

አንዱ ልጅ «ኤል ሳልቫዶር ግን?» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ ገንዘብ አድርጋ ነበር። የመንግሥትን ዋሌት ለሚያወርድ ዜጋ የ30 ዶላር ቢትኮይን እስከ መስጠት ደርሳለች። አብዛኛው ሰው በዶላር መገበያየቱን ቀጠለ። በ2025 መጀመሪያ ሕጉ ተሻሻለ፤ አሁን ነጋዴው ካልፈለገ አይቀበልም።