ታንከሩ «ኢንሹራንስ አለው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ማዕቀብ ሸሽተው ነዳጅ ስለሚያመላልሱት «ጥላ መርከቦች» ስናነብ አንድ ነገር ግራ ያጋባል። ማዕቀብ የተጣለበት ነዳጅ የሚያመላልስ አሮጌ ታንከር እንዴት ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ሆኖ ይገኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1992 በወጣው ስምምነት መሠረት ከ2,000 ቶን በላይ ነዳጅ የጫነ ታንከር፣ ጭነቱ ባሕር ላይ ቢፈስ ካሳ የሚከፍልለት መድን ሊኖረው ይገባል። መድን ሰጪው «ብሉ ካርድ» የሚባል ማረጋገጫ ይጽፋል። መርከቡን መዝግባ ባንዲራዋን የሰጠችው አገር ደግሞ እሱን አይታ ሰርተፊኬት ትሰጣለች። ወደብ ላይ የሚታየው ይሄው ሰርተፊኬት ነው።

ቀዳዳውም እዚህ ጋ ነው። ወረቀቱን የሚያየው ሰው፣ መድን ሰጪው ካዝና ውስጥ ሳንቲም ይኑር አይኑር ብዙ ጊዜ አያጣራም፤ ማኅተሙን ያያል፣ በቃ። ስለዚህ አጭበርባሪው ዌብሳይት ይከፍታል፣ ሎጎ ያሠራል፣ የመድን ፖሊሲ ይቸበችባል። ባንዲራውም ቢሆን ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፤ ባሕር የሚባል የሌላት የኤስዋቲኒ ባንዲራ የለጠፉ ታንከሮች ተገኝተዋል (ቀልድ አይደለም)።

ጣጣው የሚመጣው አደጋ ሲደርስ ነው። በ1997 የተሠራውና የጋቦን ባንዲራ የያዘው «ፓብሎ» የተባለ ታንከር በሜይ 2023 ማሌዥያ አቅራቢያ ፈነዳ። ሦስት መርከበኞች የደረሱበት ጠፋ። ደግነቱ ነዳጁን አራግፎ ነበር። የተቃጠለው ብረት ግን ኢንሹራንሱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ለወራት እዚያው ተገትሮ ቀረ።