የማኅበረሰብ ሚዲያ ማዕከላት፦ ዘጋቢ ፊልም የሚታይበትም የሚሠራበትም ቤት

የማኅበረሰብ ሚዲያ ማዕከል ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ሬዲዮ ያላቸው አሉ። ብዙዎቹ ግን ከዚያ ያለፈ ሥራ አላቸው። ካሜራ ያውሳሉ፣ ኤዲቲንግ ያስተምራሉ፣ ማታ ደግሞ ወንበር ደርድረው ሲኒማ ቤቱም ቴሌቪዥኑም ዞር ብሎ የማያያቸውን ዘጋቢ ፊልሞች ያሳያሉ። ፊልም ማሳየትና ማሠልጠን በወረቀት ላይ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው፤ በጀታቸውም ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው። እንደ እኔ ግን አንዱን ከሌላው የነጠለ ማዕከል ወይ ተራ ሲኒማ ቤት፣ ወይ ተራ የማሠልጠኛ ተቋም ሆኖ ይቀራል።

እዚህ የሚታዩት ፊልሞች ከስቱዲዮና ከጣቢያ ትእዛዝ ውጭ የተሠሩ ናቸው። ምን ይግባ ምን ይውጣ የሚለው የመጨረሻ ቃል በሠሪው እጅ ነው። ገንዘቡ ከድጋፍ ሰጪዎች፣ ከወዳጅ ዘመድ፣ አንዳንዴም ከራስ ኪስ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ፊልም ዓመታት ቢፈጅ አይገርምም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1932 የሶቪየቱ አሌክሳንደር ሜድቬድኪን ባቡር ውስጥ የፊልም ማጠቢያና የኤዲቲንግ ክፍል ገጥሞ ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ ከእርሻ እርሻ ይዞር ነበር። የቀረጻቸውን ሠራተኞች እዚያው መልሶ ፊልሙን ያሳያቸውና ያወያያቸዋል። የመንግሥት ሥራ ነበርና ነፃ ፊልም ልንለው አንችልም፤ የተቀረጸው ሰው ራሱ ተመልካች ይሁን የሚለው ነገር ግን እዚያ ነበር።

ዛሬ ማዕከላቱ እንደ አባት የሚቆጥሩት ግን በ1967 በካናዳ ፎጎ ደሴት የሆነውን ነው። ደሴቷ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ያሉባት ናት፤ ኑሮ ከብዷል፣ ነዋሪውም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር የሚል ወሬ ነበር። ኮሊን ሎው የተባለው የካናዳ ብሔራዊ ፊልም ቦርድ ባለሙያ አንድ ረጅም ፊልም መሥራት ሲችል ሐሳቡን ቀየረና አጫጭር ፊልሞችን ሠራ። የአንዱን መንደር ንግግር ለሌላው መንደር አሳየ። ሰዎቹ ጎረቤት ሆነው ብዙም አይነጋገሩም ነበርና የሌላው ችግር የራሳቸው መሆኑን ከስክሪን ላይ ሰሙት። ፊልሞቹ ባለሥልጣናት ዘንድ ደረሱ፤ የመንግሥት ምላሽም ተቀርጾ ወደ ደሴቷ ተመለሰ። በኋላ ነዋሪዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ፣ የጀልባ መሥሪያ አቆሙ፣ ደሴቷንም ሳይለቁ ቀሩ። ሁሉንም ፊልሙ አደረገው ማለት ማጋነን ነው፤ መደራጀቱ አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ግን ማዕከላቱ ከዚያ የወረሱት አንድ ትልቅ ደንብ አለ፦ የተቀረጸው ሰው ፊልሙ ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት ያያል፣ ይህ ይቅርብኝ የማለት መብትም አለው።

በዚያው ሰሞን ሶኒ ፖርታፓክ የተባለውን በትከሻ የሚነገት የቪዲዮ መቅረጫ ለገበያ አወጣ። ፊልም አጥቦ መጠበቅ ቀረ፤ ቀርጾ ወዲያው ማየት ተቻለ። ለማዕከላቱ መብዛት ይህ ዕቃ ትልቅ ምክንያት ነው። በ1971 ጆርጅ ስቶኒና ሬድ በርንስ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የአማራጭ ሚዲያ ማዕከልን ከፈቱ፤ በ1972 ደግሞ ጆን አልፐርትና ኬኮ ሱኖ እዚያው ኒውዮርክ ዲሲቲቪ የተባለውን የማኅበረሰብ ሚዲያ ማዕከል መሠረቱ። ዲሲቲቪ ዛሬም አለ፤ ያለበት ሕንፃ የድሮ የእሳት አደጋ ጣቢያ ሲሆን ከ2022 ጀምሮ ውስጡ ለዘጋቢ ፊልም ብቻ የተሠራ ሲኒማ ይዟል። በፈረንሳይ ደግሞ በ1981 አቴሊዬ ቫራን የተባለ የዘጋቢ ፊልም ማሠልጠኛ ተቋቋመ። መነሻው ሞዛምቢክ ናት፦ ከነፃነት በኋላ የመጣው አዲሱ መንግሥት የውጭ ፊልም ሠሪዎች መጥተው አገሪቱን እንዲቀርጹ ሲጠይቅ ፈረንሳዊው ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ዣን ሩሽ ይልቅ የአገሬውን ልጆች እናሠልጥን አለ።

አሁን ወደ ማሳየቱ እንምጣ። መጀመሪያ የሚመጣው ፈቃድ ነው። ዲቪዲ መግዛት ወይም ለኦንላይን አገልግሎት በየወሩ መክፈል ለቤት ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ለማሳየት ከመብቱ ባለቤት በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ የግድ ነው። ደስ የሚለው፣ በግሉ የሚሠራ ሰው ኢሜይሉን የሚመልሰው ራሱ ነው። የማዕከሉን አቅም አይቶ ዋጋ ይቀንሳል፤ ከፊልሙ በኋላ በቪዲዮ ገብቶ ጥያቄ መመለስም አይከብደውም።

ቴክኒኩ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ምሽቱን የሚያበላሸው እሱ ነው። ፋይሉን አስቀድሞ እዚያው ፕሮጀክተርና እዚያው ስፒከር ላይ መሞከር ያስፈልጋል፤ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መሐሉንና መጨረሻውንም። ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ፣ መልእክት ሲገባ ስክሪን ላይ ብቅ እንዳይል ማጥፋት ነው። አንዱ ብዙ ቦታ የሚረሳው ነገር የትርጉም ጽሑፉ ነው። አዳራሹ ደረጃ ስለሌለው የፊት ረድፍ ሰዎች ጭንቅላት የስክሪኑን ታች ይከልለዋል፤ ጽሑፉ ያለው ደግሞ እዚያው ታች ነው። ከኋላ የተቀመጠው አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዝ ያመሻል። መፍትሔው ስክሪኑን ከፍ ማድረግ ወይም ወንበሮቹን አለያይቶ መደርደር ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም።

ከዚያ ውይይቱ። ለእኔ ከፊልሙ እኩል ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ አስር ደቂቃ ብቻ ከተረፈለት ባይደረግ ይሻላል። ጥሩ አወያይ መድረኩን መጀመሪያ ለዳይሬክተሩ አይሰጥም፤ ተመልካቹ ያየውን እንዲናገር ያደርጋል። ማይክ ጨብጦ ጥያቄ አለኝ ብሎ ንግግር የሚያደርግ ሰው በየአዳራሹ አይጠፋም፣ እሱን ሳያስከፉ ማስቆምም ችሎታ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለ ሰው በአካል ከመጣ ደግሞ አወያዩ ጠበቃውም ነው።

ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ ለሳምንታት በማታ ወይም በቅዳሜ ይሰጣል። ሰልጣኞች ሦስት አራት እየሆኑ አንድ አጭር ፊልም ይሠራሉ። የካሜራው ቁልፎች ቶሎ ይለመዳሉ፤ አስቸጋሪው ድምፅ ነው። ጀማሪ ስለ ሌንስ ይጨነቃል፣ ተመልካች ግን የደበዘዘ ምስል ይታገሳል እንጂ የማይሰማ ንግግር አይታገስም። ስለዚህ ጆሮ ላይ ማዳመጫ ሳይኖር መቅረጽ ክልክል ነው፤ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅም ማንም ሳይናገር የክፍሉ ድምፅ ለግማሽ ወይም ለአንድ ደቂቃ ይቀረጻል። ኋላ ኤዲት ሲደረግ ቁርጡን የሚሸፍነው ያ ባዶ የሚመስል ድምፅ ነው። የስምምነት ፎርሙም እንዲሁ፦ ሰውየው ምን እንደሚፈርምና ፊልሙ የት የት እንደሚታይ በቃል ሳይነገረው የተቀበሉት ፊርማ ዋጋ የለውም።

ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚገናኙት ረቂቁ የሚታይ ቀን ነው። ያላለቀውን ፊልም ሌሎቹ ሰልጣኞችና ከማታው ታዳሚ የተጋበዙ ጥቂት ሰዎች ያዩታል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሠሪው ዝም ይላል። አንድ ቃል ማብራራት የለም። ተመልካቾች ግን እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር አይሉም፤ የት ግራ እንደገባቸው፣ የት እንደሰለቻቸው፣ ማንን ማመን እንዳቃታቸው ብቻ ይናገራሉ። ሠሪው ወራት የደከመበት ትዕይንት ማንም ትዝ ሳይለው ይቀራል፤ ሊቆርጠው የነበረው የአንዲት እናት ዝምታ ደግሞ ሁሉም አፍ ላይ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው በሚቀጥለው ወር የሌላ ሰው ፊልም ሊያይ ሲመጣ አስተያየቱ ሌላ ነው።

ገንዘቡ ሁሌም ጠባብ ነው። የአባልነት ክፍያ፣ የሥልጠና ክፍያና ድጋፍ ተደማምረው ነው የሚኖሩት። በአሜሪካ ብዙዎቹ የሚተዳደሩት የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያዎች ለከተማው ከሚከፍሉት ነው፤ የ1984ቱ የኬብል ሕግ ይህን ክፍያ ከኬብል አገልግሎት ገቢያቸው እስከ 5 በመቶ ገድቦታል። ሰዉ ኬብል እየተወ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር ያ ገቢ እየሳሳ ሄደ። አንዳንዶች ስቱዲዮአቸውን ማከራየት ጀምረዋል፤ ሌሎች ለድርጅቶች በክፍያ ይቀርጻሉ፣ በዚያም የነፃ ሥልጠናውን ወጪ ይሸፍናሉ። ጣጣው ለክፍያ የሚቀርጸው ሠራተኛና የሚያሠለጥነው ሠራተኛ አንድ ሰው መሆኑ ነው፤ ሥራ በበዛበት ወር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰረዘው የቅዳሜው ክፍል ነው።