የግፊት ክኒንና የታይሮይድ ክኒን፦ አክስቴ የሰማችውና እውነታው

ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ በየቀኑ ሁለት ክኒን ትውጣለች። አንዱ የግፊት ነው፣ አምሎዲፒን። ሌላው ሌቮታይሮክሲን ይባላል። እንቅርቷ፣ ማለትም ያበጠው የአንገቷ ዕጢ (ታይሮይድ)፣ በኦፕራሲዮን ከወጣ ወዲህ ሰውነቷ የማይሠራውን ሆርሞን ይተካላታል። ክኒኖቹ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ስለነሱ የሰማችው ወሬ ግን ጆንያ ይሞላል።

«ሁለቱ መድኃኒቶች ሆድ ውስጥ ይጣላሉ»

አይጣሉም። እኛ ዘንድ አዘውትረው የሚታዘዙት የግፊት ክኒኖች፣ አምሎዲፒን፣ ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሌቮታይሮክሲን ጋር ሊወሰዱ ይችላሉ። እንዲያውም የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ግፊት ይጨምራል፣ በተለይ የታችኛው ቁጥር። ሆርሞኑ ሲስተካከል ግፊቱም ረገብ ሊል ይችላል። ክኒኑ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ የላይኛው ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ የታይሮይዱ መጠን በተቀየረ ቁጥር ግፊትንም መለካት ነው።

«በቡና ባወራርደው ምን አለበት?»

ጣጣው ያለው እዚህ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ይታወቃል፤ ማለዳ ያለ ቡና ማን ከብርድ ልብስ ይወጣል? ግን ቡና ሌቮታይሮክሲን ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ቁርስም፣ ወተትም እንደዚያው። አክስቴ ለወራት ክኒኗን ከአቦል ጋር ስትውጥ ኖራለች። ምርመራዋ አልስተካከል ሲል መጠኑ ተጨመረላት። መቼና በምን እንደምትውጠው የጠየቃት ሰው አልነበረም!

ደንቡ ቀላል ነው። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ። አክስቴ አሁን 12 ሰዓት ላይ ትውጥና 1 ሰዓት ላይ ጀበናዋን ትጥዳለች። አምሎዲፒኑን ከቁርስ ጋር ታደርገዋለች፤ እሱ በምግብም ያለ ምግብም ያው ነው። የደም ማነስ ብረት ወይም የካልሲየም ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ከሌቮታይሮክሲን 4 ሰዓት ያርቃቸው።

«በጾም ቀን ክኒን ይዘለላል»

እስከ 9 ሰዓት ውኃም የማይቀምሱ አሉ። ለነሱ ማታ ከእራት 3 ሰዓት ቆይቶ ሌቮታይሮክሲንን መውሰድ የሚሠራ መንገድ ነው፤ ሐኪምን አማክሮ መቀየር ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ጠንቀቅ ይበል። ሽንት ስለሚያበዛ፣ ውኃ ሳይጠጡ ሲውሉ ራስ ያዞራል። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያንም ታዝናለች፣ የንስሐ አባትን ማማከር ነው። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የሚሄድም ክኒኑን ከጓዙ ጋር ይያዝ።

«አዮዲን ያለው ጨው ግፊት አያመጣም»

ጨው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። በርበሬው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። እንቅርቱ ለወጣለት ሰው ደግሞ አዮዲን ክኒኑን አይተካለትም።

«የጎረቤቴም እንቅርት ነው፣ ክኒኔን ላበድራት»

ኧረ በጭራሽ። አንዷ እንቅርት ኖሯት ሆርሞኗ ያንሳል፣ የሌላዋ ይበዛል። ለበዛባት ሌቮታይሮክሲን መስጠት እሳት ላይ ነዳጅ ማፍሰስ ነው፣ ልቧን ይጎዳል።

«ግፊቴ ወርዷል፣ አሁን ላቁም»

የወረደው ክኒኑን ስለዋጥሽ ነው። በተለይ እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉትን የግፊት ክኒኖች ድንገት ማቆም ለልብ አደገኛ ነው። ኤናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፣ ደጋ ላይ ደግሞ «ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሳሉ ካልለቀቀ ለሐኪም መንገር ነው፣ ሌላ ይቀይራል። እርግዝና ያሰበች ሴትም ቀድማ ትናገር። ኤናላፕሪል ለጽንስ አይሆንም፤ ሌቮታይሮክሲን ግን አይቋረጥም፣ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይጨመራል።

የታይሮይዱ መጠን ከተቀየረ በኋላ ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገማል። ሆርሞኑ በደም ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚረጋ ከዚያ በፊት ቢለካ ትክክለኛውን አያሳይም። አክስቴ ቀጠሮዋን የጻፈችው ከጀበናዋ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ነው።